ወደ ጎን የሚያይ ስፖኪዮ

መሥሪያ ቤታችን የመኪና እሽቅድምድም ጌም ይሠራል። የእኔ ድርሻ ባለሙያዎቹ በኮምፒውተር የቀረጿቸውን መኪኖች ከእውነተኞቹ ጋር ማመሳከር ነው፤ የመብራቱን ቅርጽ፣ የበሩን እጀታ፣ የዳሽቦርዱን ቁልፍ ሳይቀር። አንዲት ብሎን ብትዛነፍ ተጫዋቾቹ መሳቂያ ያደርጉናል።

ያን ማለዳ የደረሰኝ አሮጌ የቤት መኪና ነበር። ባለቤቴ እስኪሞት ድረስ ይነዳው የነበረው ዓይነት ነው። እንዲህ ያለ መኪና በየመንገዱ ስለሞላ ራሴን ገታ አድርጌ ሥራዬን ቀጠልኩ። በስክሪኑ ከሾፌሩ ወንበር ሆኜ ቀና ስል ግን የመሃሉ ስፖኪዮ የኋላውን መንገድ አያሳይም። የሚያሳየው ከጎን ያለውን ባዶ ወንበር ነው።

የእኛ ስፖኪዮ አንድ ጊዜ ወልቆ ባለቤቴ ራሱ በማጣበቂያ ለጥፎት ነበር፤ አጣሞ። "ጠማማ ነው" ስለው፣ "አንቺን ካሳየኝ ይበቃል፤ ከኋላ ያለው ራሱ ይጠንቀቅ" ብሎ ሳቀ። እንደዚያ እንዳለ ቀረ።

እሱ ከተቀበረ በኋላ መኪናውን ከዓይኔ እንዲያርቅልኝ የነገርኩት ለታናሽ ወንድሙ ነው። "ተጨፍልቆ ብረታ ብረት ሆኗል፣ እትዬ" አለኝ። አመንኩት። ከባለቤቴ ወገን የቀረኝ እሱ ብቻ ነው።

መኪናውን የቀረጸውን ልጅ "ሚሊሜትር" እንለዋለን። ያየውን ከነጉድለቱ ይገለብጣል።

"ይሄን ከየት አመጣኸው?"

"ደግሞ ምን አጠፋሁ?"

"ስፖኪዮው ጠማማ ነው።"

"መኪናው ላይም ጠማማ ነው። ባቃናው ደግሞ 'ማን አቅና አለህ?' ሊሉኝ ነው።"

"የማን መኪና ነው?"

ዓይኑን ወደ ስክሪኑ መለሰ። "የአንድ ሰውዬ። ስሜ እንዳይነሳ ብሎናል። ሲያወራ ጆሮውን የሚጎትት ሰው ነው።"

ጆሮውን የሚጎትት ሰው አውቃለሁ። ቅዳሜ ቅዳሜ እየመጣ የተቃጠለ አምፖል ይቀይርልኛል፤ ሲወጣ ታዲያ "አትሸኚኝ፣ እትዬ" ይላል። አክብሮት ይመስለኝ ነበር። አሁን ግን ከቤቴ ራቅ ብሎ የመንገዱ ጥግ ላይ ምን አቁሞ ይመጣ እንደነበር አሰብኩ።

ከሥራ እንደወጣሁ የባለቤቴ ወንድም ቤት ሄጄ በሩን አንኳኳሁ።

"ምነው፣ በደህና ነው?"

"መኪናውን ልየው።"

"የቱን መኪና?" አለ። እጁ ጆሮው ላይ ነበር።

ጓሮ ውስጥ በሸራ ተሸፍኖ ቆሟል። "አይነሳም እኮ፤ ዝም ብሎ የተቀመጠ ነው" አለ ፈጠን ብሎ። ሸራውን ገልጬ ኮፈኑን ዳሰስኩት። ሞቃት ነው።

"ሳይነሳ ነው የሞቀው?"

መሬት መሬት አየ። "ሊጨፈልቁት ሲሉ ሆዴ እንቢ አለኝ። አንቺ ደግሞ ከዓይኔ አርቀው ብለሻል። ምን ላድርግ?"

"ታዲያ ለጌማችን ለምን አስለካኸው?"

"እያረጀ ነው። አንድ ቀን የምር ይቀራል። የሆነ ቦታ እንዳለ ይኑር ብዬ ነው። አንቺ ደግሞ ውጭ ውጩን ብቻ የምታዪ መስሎኝ።"

"ስፖኪዮውንስ?"

"አልነካሁትም። የወንድሜ እጅ ነው።"

ግማሹን አመንኩት። በር ላይ የዋሸኝ፣ ሸራው አጠገብ የዋሸኝ ሰው ሦስተኛው ላይ ለምን እውነት ይናገራል? እጄን ዘረጋሁ።

"ቁልፉን።"

"መንዳት አትችዪም እኮ፣ እትዬ።"

"አንተ ትነዳዋለህ። እኔ ጎንህ ስቀመጥ ብቻ።"

ቁልፉን እጄ ላይ ሲያስቀምጥ ትንሽ ዘገየ። ሌላ ቁልፍ ይኖረው እንደሆነ አልጠየቅሁም።

በማግስቱ ለሚሊሜትር ስፖኪዮው እንደ ፋብሪካው ይቃና አልኩት። ሥራዬ ነው። ወዲያው አቀናው፤ ስፖኪዮው ውስጥ የኋላው መንገድ ታየ፣ ወንበሩ ጠፋ።

ቅዳሜ ዋርሳዬ በእግሩ መጣ። "አትሸኚኝ" አለ እንደ ልማዱ። ነጠላዬን ደርቤ፣ የቆመ መኪና እንዳለ ለማየት ጥጉ ድረስ ሸኘሁት።