የአለልኝ ለቅሶ

ብርነሽ ወደ አዳራሹ የሄደችው ልታለቅስ ነው። ለማንም አልደበቀችም። የደሴ ተወላጆች ማኅበር ሰብሳቢ ኃይሉ የወንድሟን ፎቶግራፍ ሊወስድ ሚኒሶታ፣ ኩን ራፒድስ ያለው ቤቷ ድረስ የመጣ ጊዜ፣ በር ላይ ቆማ ነግራዋለች።

«ንግግር አላውቅም፤ መድረክ ላይ እንዳታወጡኝ። እኔ የምፈልገው ፎቶው ሲታይ ድምፄን አውጥቼ ማልቀስ ብቻ ነው።»

ኃይሉ ሳቀ። «አብሽሪ እትዬ ብርነሽ! ማልቀስማ ማን ይከለክልሻል?»

የሚከለክል ነበረ። ወንድሟ አለልኝ ታላቋ ነው። በቀይ ሽብር ጊዜ፣ ደሴ ላይ፣ አንድ ማለዳ ሬሳው ቀበሌው በር ላይ ተጥሎ ተገኘ። እናታቸው በባዶ እግሯ ሮጣ ስትደርስ የቀበሌው ሊቀመንበር ጣቱን ቀሰረባት። «የሚያለቅስ ካለ እሱ አጠገብ ቦታ አለ» አላት። ቀጥሎ፣ ጎረቤትም ስለነበረ ይሁን፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «አሁን ዝም በይ። ነገሩ ሲረጋጋ ታለቅሺዋለሽ» ሲል ጨመረላት።

የዚያኑ ቀን ከሰዓት በኋላ የቀበሌ ስብሰባ ተጠራ። መቅረት አይታሰብም። እናቷና ብርነሽ ጎን ለጎን ቆሙ። ሊቀመንበሩ ግራ እጁን ጨብጦ «ለአብዮቱ ሰማዕታት የኅሊና ጸሎት!» አለ፤ ቤቱ ጸጥ አለ። ልጇን ለገደሉት ሰዎች ሙታን የአለልኝ እናት አንገቷን ደፍታ ቆመች። የነጠላዋን ጫፍ በጥርሷ ነክሳ ነበር። ስብሰባው ሲበተን ጥለቱ ተበጥሶ አፏ ውስጥ ቀርቷል።

ሲረጋጋ ታለቅሺዋለሽ የተባለችው እናት ሲረጋጋ ሳታይ ሞተች። ለቅሶው ለብርነሽ ተረፋት። ሱዳን ይዛው ተሰደደች፤ ሚኒሶታም ይዛው ገባች። አረጋውያን መጦሪያ ውስጥ ስትሠራ የሰው አባት ስታገላብጥ፣ የሰው እናት ስታጥብ፣ በሆዷ ለአለልኝ የለቅሶ ግጥም ትገጥም ነበር። አሮጊቶቹ ሲሞቱ ልጆቻቸው መሐረብ አፋቸው ላይ ይዘው ድምፅ ሳያሰሙ ሲያለቅሱ ታያለች። ማንም ሳይከለክላቸው እንዴት ዝም ይላሉ ብላ ትገረማለች።

ማኅበሩ ደሴ በጣልያን አውሮፕላን የተደበደበችበትን ቀንና የቀይ ሽብር ሰማዕታትን የሚዘክረው በአንድ ላይ ነው። ሴንት ፖል፣ አንድ ቤተ ክርስቲያን ሥር ባለ አዳራሽ፣ በረዶው ጫማ ላይ ሳይቀልጥ የሚገባበት ቅዳሜ ነበር። እዚሁ የተወለደችው የልጅ ልጇ ማዕዶት ድራይቭ አድርጋ አመጣቻት። ብርነሽ ከመግባቷ በፊት ነጠላዋን አዘቀዘቀች።

«እማማ፣ ጥለቱ ወደ ላይ ሆኗል» አለች ማዕዶት ልታስተካክልላት።

«ተይው። ለለቅሶ እንዲህ ነው የሚለበሰው።»

የጣልያኑ ክፍል ሞቅ ያለ ነበር። አውሮፕላኖቹ ስክሪኑ ላይ ታዩ፤ ቦምብ ወደቀ፤ ሆስፒታሉ ሲነድ ሴቶቹ «ወይኔ!» አሉ። አንድ ሽማግሌ ጠረጴዛውን ደበደበና «ፋሽስት! ዘርህ አይባረክ!» አለ። ሁሉም በአንድ አፍ ረገመ። ጣልያንን መርገም ቀላል ነበር። አዳራሹ ውስጥ ጣልያን አልነበረም።

የቀይ ሽብር ተራ ሲደርስ ግን ወንበሮች መንቋቋት ጀመሩ። ከኋላ ካለው ጠረጴዛ ዙሪያ በዚያ ዘመን ክላሽ አንግተው ቤት ለቤት ይዞሩ የነበሩ ሁለት ሰዎች ሳምቡሳ ይበላሉ። ሁሉም ያውቃቸዋል። ከሁሉም ጋር ይሳሳማሉ፤ ሰው ሲሞት ድንኳን ይተክላሉ። ኃይሉ ማይክሮፎኑን ያዘ። እሱንም ያኔ የውስጥ እግሩን ገርፈውት እስከ ዛሬ እያነከሰ ነው የሚራመደው።

«ኮሚቴው ለአንድነታችን ሲባል ወደ ዝርዝር ላለመግባት ወስኗል» አለ። «የሰማዕቶቻችንን ምስል ብቻ እናያለን።»

ምስሎቹ አለፉ። የአለልኝ መጨረሻ ላይ መጣ። ፀጉሩን አጎፍሮ፣ የሸሚዙን አንገት ገልብጦ፣ ፎቶ አንሺው ያለውን ነገር ሰምቶ ሊስቅ ሲል። ግድግዳውን አከለ። ብርነሽ እንዲህ ትልቅ ሆኖ አይታው አታውቅም። ተነሳች። እጇ ደረቷ ላይ ወጣ።

«ክቡራትና ክቡራን» አለ ኃይሉ፣ «ሁላችንም ከመቀመጫችን ተነስተን ለሰማዕታት የኅሊና ጸሎት!»

አዳራሹ ጸጥ አለ። ያችው ጸጥታ ነበረች። ሳምቡሳ የሚበሉትም ሰዎች አፋቸውን ጠርገው፣ አንገታቸውን ደፍተው ቆመዋል። የእናቷ የጥለት ክር ጣዕም ብርነሽ አፍ ውስጥ መጣ። ከዚያ ድምፅዋ ወጣ፤

«ስሙ አለልኝ ነው፣ የለኝም እንዳልል...»

ሰው ሁሉ ዞረ። ከፊት ሆኖ ፕሮግራሙን በስልኩ በቀጥታ የሚያስተላልፈው ሰውዬ እጁን አወናጨፈ። «ሽሽሽ» የሚል መጣ፤ ከአንድ ቦታ አይደለም፣ ከየጠረጴዛው። ማዕዶት ክንዷን ያዘች። ፊቷ በእፍረት ቀልቷል።

«እማማ፣ ፕሊስ። ኢትስ ኤ ሞመንት ኦፍ ሳይለንስ።»

ብርነሽ ሳይለንስ ዝምታ ማለት እንደሆነ ታውቃለች። ሰው ሲሞት መጦሪያው ቤት በር ላይ ቃሉ ተጽፎ ይለጠፋል። ሁለተኛውን ስንኝ ሳትለው ቀረች።

ኃይሉ ጉሮሮውን ጠረገ። «እህታችን በስሜት ተነክተው ነው። እስቲ ሞቅ ባለ ጭብጨባ እናጽናናቸው!»

አጨበጨቡ። ከኋላ ያሉት ሁለቱ ከሁሉም በላይ አጨበጨቡ።

ወጣች። ማዕዶት ካፖርቱን ይዛ ተከተለቻት፤ መኪናውን አስነስታ ሂተሩን ከፈተችላት። «እዚህ አልቅሺ፣ ማንም አያይሽም» አለቻት። ልጅቷ ደግነቷ ነው። ብርነሽ ሞከረች። ምንም አልመጣም።

መስኮቱ ተንኳኳ። ኃይሉ ፎቶግራፉን በፌስታል ይዞ፣ ያለ ካፖርት በረዶው ላይ እያነከሰ መጥቶ ቆሟል።

«እትዬ ብርነሽ፣ አትቀየሚኝ። ሥርዓት እንዳይበላሽ ብዬ ነው።»

«ኃይሉ፣ ያንን ዝም ማለት ማን ነው ያስተማረን?»

«የኅሊና ጸሎቱን? እንዴ፣ ዓለም ሁሉ የሚያደርገው ነው።»

«እኛን ማን አስተማረን ነው የምልህ። አንተ የት ተማርከው?»

ኃይሉ አቀረቀረ። የተገረፈ እግሩን አየ። በረዶው ትከሻው ላይ ይወርዳል።

«አንቺ ደግሞ» አለ ቀስ ብሎ። «እነዚያ ሁለቱ ተቀምጠው እያየሽ... ምን ላድርግ? ብናስለቅስሽ ማኅበሩ ይፈርሳል።» ፌስታሉን በመስኮቱ አቀበላት። «ግድ የለም፣ አብሽሪ። ለሚመጣው ዓመት ፕሮግራሙ ላይ እናስገባሻለን። ነገሩ ትንሽ ይረጋጋ እንጂ ታለቅሺዋለሽ።»

ያለውን ራሱ አልሰማውም። ብርነሽ ግን ሰማችው።

«እናቴንም እንዲሁ ነው ያሏት» አለችና መስኮቱን ዘጋች።

ሀይዌይ ላይ ወጡ። መንገዱ እንዳያንሸራትት ጨው የሚነሰንስ መኪና ፊት ፊታቸው ይሄዳል።

«እማማ፣ ቆይ፣ ምን ነበር የምትይው? ግጥም ነው? ጨርሺልኝ።»

ብርነሽ ጨረሰችላት። ዜማ አልነበረውም፤ የቤት አድራሻ እንደምትናገር ነበር ያለችው።

«ስሙ አለልኝ ነው፣ የለኝም እንዳልል፤ እውነቱ የለም ነው፣ አለልኝ እንዳልል።»

ማዕዶት በአማርኛዋ ልክ አሰበችበት። ስሙንና ቃሉን መለየት አቃታት።

«አልገባኝም። ሶ... አለ ነው፣ የለም?»

ብርነሽ ፌስታሉን ጭኗ ላይ ይዛለች።

«የለም» አለች።

ማዕዶት ፍሬቻ አብርታ ወደ ኩን ራፒድስ መውጫ ታጠፈች።