የተስፋጽዮን ወንበሮች

ዓለምጸሐይ በምትሠራበት የሙዚቃ አዳራሽ ከቫዮላ ተጫዋቾቹ ረድፍ የመጨረሻውን ወንበር አስገብታ ዞር ስትል፣ የባሏ ታላቅ እህት አባይነሽ ነጠላዋን እንዳዘቀዘቀች መድረኩ ጫፍ ላይ ቆማለች። ይዟት የመጣው የሠራተኞች በር ጠባቂ ነው።

"ወንድሜ ከተቀበረ ዘጠኝ ቀኑ ነው" አለች አባይነሽ። "አንቺ ለሙዚቀኛ ወንበር ትደረድሪያለሽ?"

"ከምሳ በኋላ ልምምድ አላቸው፣ እትዬ።"

"ቤትሽ የመጣው ለቀስተኛስ? ሽማግሌዎቹ አልጋሽ ላይ ተደርድረዋል። ከበርገን ከተማ የመጡት ኮሪደር ላይ ቆመዋል።"

ቶየን ሰፈር ያለው የዓለምጸሐይ ቤት አራት ወንበር ብቻ ነው ያለው። በኦስሎ ኢትዮጵያዊ ቤት ለቅሶ ሲኖር ወንበር የሚያመጣው ባሏ ተስፋጽዮን ነበር። ብሪን ሰፈር ካለው የኢትዮጵያውያን ማኅበር መጋዘን ስልሳ ተጣጣፊ ወንበር በቫኑ ጭኖ፣ ሊፍት በሌለበት ሦስተኛ ፎቅ ድረስ ተሸክሞ ያወጣል። ለራሱ ለቅሶ ግን ያሰበ ሰው አልነበረም፤ እሷም ጭምር።

"የመጋዘኑን ቁልፍ ስጪኝ። የማኅበሩ ይልቃል ቫኑን ይዞ ውጭ እየጠበቀ ነው። ካሁን በኋላ ወንበር የማመላለሱን ሥራ እሱ ይያዘው ብለዋል ማኅበርተኞቹ።"

"ይልቃል ወገቡን ያመዋል።"

"ታዲያ ማን አለ?"

በተከፈተው የዕቃ መጫኛ በር ወደቡ ይታያል፤ የዴንማርክ መርከብ፣ ከማዶ አሮጌው ምሽግ። ተስፋጽዮን ከሥራ ስትወጣ የሚጠብቃት እዚያ ወደቡ ዳር ነበር።

"ቤት ስቀመጥ ሁሉም እጄን ይዞ 'በቃሽ' ይለኛል" አለች ዓለምጸሐይ። "ምኑ ነው የሚበቃኝ? እዚህ ቢያንስ የቀረኝን አውቃለሁ።"

አባይነሽ መድረኩን ቃኘች። "ስንት ቀረሽ?"

"አሥራ ስድስት።"

አባይነሽ ካፖርቷን አውልቃ አንድ ወንበር አነሳች። "የት ላድርገው?"

"ነጩ ምልክት ላይ። አትጎትቺው፣ ወለሉ ይጫራል።"

"ወንድሜንም እንዲህ ነበር የምታዢው?"

"ከዚህ ይብስ ነበር።"

አባይነሽ ሳቀች፤ ወዲያው አፏን በነጠላዋ ያዘች።

ጨርሰው ሲወጡ ይልቃል ከቫኑ መስኮት እጁን ለመጋዘኑ ቁልፍ ዘረጋ። ዓለምጸሐይ በሩን ከፈተች።

"ወደዚያ ጠጋ በል።"

"ሐዘንተኛ ወንበር ሲሸከም የት ታየና ነው? ሰው ምን ይላል?" አለ ይልቃል።

"ቁጭ ብሎ ይበል።"

ይልቃል ወደ አባይነሽ ተመለከተ። አባይነሽ ከኋላ ገብታ ቀበቶዋን እያሰረች ነበር። እሱም ጠጋ አለ።

ዓለምጸሐይ መሪውን ይዛ ሞተሩን አስነሳች። "ለማኅበሩ ደውልላቸው" አለችው። "ካሁን በኋላ ወንበር ሲፈልጉ ለእኔ ይደውሉ።"