ያለ ዕድሜዋ ሃምሳ የሞላት ልብስ ሰፊ

ልጆቼ፣ ደግነት መስሎኝ የሠራሁትን ጥፋት ልንገራችሁ።

ቤት ለቤት እየዞርኩ ወሊድ የምመዘግብ ጠያቂ ነበርኩ። ከአሥራ አምስት እስከ አርባ ዘጠኝ ዓመት ያለች ሴት ሁሉ የወለደቻቸውን አንድ በአንድ ትጠየቃለች፤ ያለውንም፣ የሞተውንም። በዚህ ነው አንዲት ሴት በአማካይ ስንት ትወልዳለች የሚባለው የሚታወቀው። ሃምሳ የሞላት ግን አትጠየቅም፤ ቅጹ እዚያው ይዘጋል።

አንድ ጠዋት የአንዲት ልብስ ሰፊ ቤት ገባሁ። ዕድሜዋን ስጠይቃት "ሠላሳ ስምንት" አለችኝ። ጥግ ላይ ባዶ የሕፃን አልጋ አለ፤ ፍራሹ ተጠቅልሎ ቆሟል። "የሞተብሽ ልጅ አለ?" የሚለው ከአፌ አልወጣ ቢለኝ፣ ሃምሳ ብዬ ጻፍኩና "አበቃ፣ የኔ ልጅ" ብያት ወጣሁ። እንዲህ ያደረግሁት እሷ ቤት ብቻም አልነበረም።

በሳምንቱ አለቃችን ጠራኝ። ልጅ እግር ቢሆንም ዓይኑ ወንፊት ነው።

"እማማ፣ በአንድ መንገድ አሥራ አንድ ሴት ልክ ሃምሳ ዓመት! ተማክረው ነው እንዴ የተወለዱት?"

"ምን ላድርግ ልጄ፣ ሐዘንተኛ መጠየቅ አልሆንልኝ አለ።"

"ስንቱን ልደት፣ ስንቱን ሞት እንደዋጡ ያውቃሉ? ይነሱ፣ አብረን እንመለሳለን።"

መጀመሪያ የሄድነው ልብስ ሰፊዋ ጋ ነው። ቅጹን ሲያነብላት የስፌት መኪናዋን አቆመች።

"ሃምሳ? እኔ?" ብላ ሳቀች። "ምነው እማማ፣ ባንዴ አስረጁኝሳ!" ከዚያ ሳቋ ቆመ። "ልጄንስ የት ጋ ጻፉት?"

ዓይኔ ወደ ባዶው አልጋ ሄደ።

"አልጻፉትም?" ፊቷ አመድ መሰለ። "ያን ቀን ሥራዬን ትቼ የተቀመጥኩት እኮ ይጠይቁኛል ብዬ ነው። ዘጠኝ ቀን ኖሯል። ጎረቤቱ ሁሉ እንዳይከፋት እያለ ስሙን አያነሳብኝም። እርስዎም? እኔ አንዴ ቀበርኩት፣ እርስዎ ደገሙት።"

መብረቅ የወረደብኝ መሰለኝ። ጨርቅ የተከመረበት ወንበር ላይ ዘፍ አልኩ። የቀሩት አሥር ቤቶች ዓይኔ ላይ ዞሩ። ስንቷ እንዲህ ጠብቃኝ ይሆን?

አለቃችን አዲስ ቅጽ አቀበለኝ። "የሞተብሽ ልጅ አለ?" አልኳት።

"አለ" አለችና ወንበሯን አስጠጋች። "ከመጻፍዎ በፊት ግን፣ ፀጉሩ እንዴት ያለ እንደነበር ልንገርዎት።"

ቅጹ ለፀጉር ቦታ የለውም። እስክትጨርስ ሰማኋት፤ አለቃችንም ሰዓቱን አላየም።