የእሑድ እንቆቅልሽ

«ጊዜው አይደለም እንጂ» አሉ ሽማግሌው ማላኪ፣ ከኮታቸው ኪስ አንድ ፖስታ እያወጡ። «ይሄ የኬሊዎች ነው። ማክሰኞ እኔ በር ላይ ጥለሽው ሄድሽ። ያለፈው ሳምንትም እንዲሁ ሌላ ነበር። ራሴ እንዳላደርሰው ጉልበቴን ታውቂዋለሽ።»

ደርቭላ በወንድሟ የሬሳ ሣጥን ላይ እጇን አሻግራ ፖስታውን ተቀበለቻቸው። በዚህ በምዕራብ አየርላንድ፣ በማዮ ዳርቻ፣ አሥራ አራት ዓመት ፖስታ ስታድል አንድ ደብዳቤ እንኳ ተሳስታ አታውቅም ነበር። የየቤቱን ውሻ በስሙ ነው የምትጠራው።

«ይቅርታ ያድርጉልኝ ማላኪ። ሐሳቤ ሁሉ እሱ ጋ ሆኖ ነው።»

«እንዴታ! ወንድም አልጋ ይዞ ማን ልብ አለው? እግዜር ያጽናሽ ልጄ።» ጎንበስ ብለው የፊንታንን የተጣመሩ እጆች ዳሰሱ፣ አማተቡ፣ ሻይና ሳንድዊቹ ወዳለበት ወደ ኩሽና አዘገሙ።

እሳቱ ዳር ከተደረደሩት ሴቶች መካከል ነገሩን ልብ ያሉት አክስቷ አትራክታ ብቻ ነበሩ። እሳቸውም ቢሆኑ ያዩት ፖስታውን አልነበረም። ፖስታውን የያዘውን እጅ ነው። ደርቭላ እጇን ሹራቧ ኪስ ውስጥ ከተተችው።

ፊንታን የሞተው በዋዜማው ከቀኑ አሥር ሰዓት ላይ ነው። እንደ አገሩ የለቅሶ ልማድ የግድግዳው ሰዓት በዚያው እንዲቆም ተደርጓል፤ መስተዋቱም አንሶላ ለብሷል። የኅዳር ዝናብ ከባሕሩ በኩል መስኮቱን ይደበድባል። በድንጋይ አጥሩ ዳር መኪና ከመኪና ኋላ ተሰልፏል፤ የገባው ሰው ሁሉ ጫማውን ጠርጎ፣ እጇን ጨብጦ፣ ያችኑ የማጽናኛ ቃል ብሎ ያልፋል። አርባ አራት ዓመቱ ነበር። በመጨረሻ ወሮቹ ምግብ መዋጥ አቅቶት፣ ከዚያ ሳንባው ታሞ ሞተ። በሽታውን ግን ማንም በስሙ አይጠራውም፤ በቤተሰቡ ስም «የእነ ሎፍተስ ነገር» ነው የሚባለው።

ደርቭላ የተከመረ ስኒ ይዛ ወደ ኩሽና ስትሄድ፣ ከበሩ ጀርባ ሁለት ሴቶች ዕቃ እያጠቡ ሲያወሩ ሰማች።

«ለልጅ የመውረሱ ዕድል ግማሽ በግማሽ ነው ይላሉ። ዘውድ ወይ ጎፈር።»

«እንግዲህ ሁለት ልጆች ነበሩ። እሱ ድርሻውን ወሰደ፤ እሷ ተረፈች ማለት ነው።»

«እንደሱ አይደለም አሉ። ለእያንዳንዱ ልጅ ለየብቻው ነው የሚጣለው። ሁለቱንም ሊያገኝ ይችላል።»

«በስመ አብ!»

ገባች። አንደኛዋ ስኒዎቹን ከእጇ ፈጠን ብላ ተቀበለቻት፤ ከሚገባው በላይ ፈጠን ብላ።

አባታቸው ጃርላት የዛሬ ሃያ ስድስት ዓመት ነው የሞተው፣ በሃምሳ ሁለት ዓመቱ። መጠጥ ቀምሶ የማያውቅ ሰው፣ ከቤተ ክርስቲያን ሲመለስ መንገድ ላይ ሲንገዳገድ፣ ያገሩ ሰው «ዛሬም ቀምሷታል» ይል ነበር። ሲሞት ደርቭላ አሥራ ሦስት ዓመቷ ነበር። ከዚያ በፊት፣ ልጆች ሳሉ፣ ቤት ውስጥ ሳህን በተሰበረ ቁጥር ፊንታን ብድግ ይልና «ነይ ወደ ውጭ» ይላታል።

ውጭ ጨዋታ ነበራቸው። ፊንታን ዓይኑን በሻርፕ ያስርና አህያ ይሆናል፤ እሷ ታዝዘዋለች። «ሦስት እርምጃ ሂድ። ወደ ግራ ዙር። ግድግዳ እስክትነካ ሂድ።» ያለችውን ብቻ ያደርጋል፤ አንዲት ነገር አይጨምር፣ አንዲት አይቀንስ። አንድ ቀን «ቁም» ማለቱን ረስታው ሰተት ብሎ ሳማ ውስጥ ገባ። እግሩ በሙሉ ተለብልቦ ሻርፑን አወለቀ።

«ምን አጠፋሁ? ቁም አላልሽኝም እኮ።»

«ረሳሁዋ! ሲለበልብህ ራስህ አትቆምም?»

«አህያ ነኛ። ያላልሽኝን አላውቅም።»

ኋላ ላይ ለእንጀራው የሆነው ይሄው ጨዋታ ነው። በሠላሳ ዓመቱ ጎልዌይ ከተማ፣ ከጓደኛው ከኡልታን ጋር ሆኖ ኮምፒውተር ላይ ሠራው። ከረግረግ ተቆርጦ የደረቀ የማገዶ አፈር የምትሸከም ትንሽ አህያ አለች። ተጫዋቹ የትእዛዝ ካርዶች ይደረድርላታል፦ ሂጂ፣ ዙሪ፣ ጭነት አንሺ፣ ረግረግ ካየሽ ተመለሺ፣ ቅርጫቱ እስኪሞላ ድገሚ። ከዚያ ይለቃታል። አህያዋ የታዘዘችውን ብቻ ትፈጽማለች፤ ትእዛዙ ከተሳሳተ ረግረጉ ውስጥ ትሰምጣለች። በየትምህርት ቤቱ ስንት ልጅ ፕሮግራም መጻፍን የተማረው በሷ ነው፤ እየተማረ መሆኑን ሳያውቅ።

ሥራውን የጀመረው ደሙን በተመረመረበት ሳምንት ነበር። ውጤቱን ለደርቭላ አልነገራትም። ፊቱን ስታይ ግን ገባት። ያን ቀን ልጇን፣ የሦስት ዓመቷን ሳይቭን፣ ጭኗ ላይ አስቀምጣ ነበር።

«እኔ አልመረመርም» አለችው። «ባላውቅ ይሻለኛል። አንተም ስለኔ ምንም እንዳትለኝ፤ ብታይም፣ ብትጠረጥርም። ማልልኝ።»

«ደርቭላ—»

«በአባባ አጥንት ማል።»

ማለላት። አሥራ አራት ዓመት ሙሉ አንዲት ቃል አልተነፈሰም።

በሁለተኛው ቀን እኩለ ቀን ላይ ኡልታን ከጎልዌይ መጣ። ዝናብ የጠጣ ትልቅ ካፖርቱን እንደለበሰ ሣጥኑ ጋ ቆሞ እንደ ልጅ አለቀሰ። ሻይ ሲያቀርቡለት ስኒውን ይዞ አልጠጣም። አንድ ሰዓት ያህል ኩሽና ውስጥ ከተቀመጠ በኋላ ደርቭላ ወደ ማገዶ ቤቱ ስትወጣ ተከተላት።

«አንድ የማልነግርሽ ነገር ነበረ» አላት፣ በሩን ገርበብ አድርጎ። «አትንገር ተብዬ። አሁን ግን ልነግርሽ ነው።»

«ፊንታን ነው አትንገር ያለህ?»

«አንድ መዝገብ አለ፤ ካልጠየቀች እንዳትሰጣት ነው ያለኝ።» መሬት መሬት እያየ ቀጠለ። «ፊንታን ጠዋት ጠዋት ከአህያዋ ጨዋታ ያንኑ አንድ እንቆቅልሽ እየፈታ ስንት ደቂቃ እንደፈጀበት ይጽፍ ነበር። ስምንት ዓመት ሙሉ። አእምሮው የት እንደደረሰ በዚያ ነው የሚያውቀው። እና… ያንቺንም ጽፏል።»

«የኔን? የምኑን የኔን?»

«የእሑዶቹን።»

ደርቭላ የያዘችውን የማገዶ ቅርጫት አስቀመጠች።

ስድስት ዓመት በየእሑዱ ፊንታን የአህያዋን አዲስ እንቆቅልሽ ይልክላታል። ከቤተ ክርስቲያን መልስ፣ ሻይዋን ቀድታ ጠረጴዛው ላይ ትቀመጣለች። «ሰው እንዴት እንደሚፈታው ማየት አለብኝ» ይላታል በስልክ። «አንቺ የኔ ሞኝ ነሽ። አንቺ ከፈታሽው ማንም ልጅ ይፈታዋል።» እሷም ትሰድበዋለች። በዚህ ዓመት ግን መፍታቱ ቀሏት ነበር። አምስት ካርድ፣ ስድስት ካርድ፣ ጨረሰች። «አረጀህ እንዴ? ይሄማ የሕፃን ነው!» ትለዋለች፤ እሱ በተሳሰረ ምላሱ እያንዳንዱን ፊደል እየጎተተ «ጎ-በ-ዝ-ሽ» ይላታል፤ ሁለቱም ይስቃሉ።

«አልጠየቅሁህም እኮ» አለች ኡልታንን። «ካልጠየቀች እንዳትሰጣት ካለህ፣ ለምን ነገርከኝ?»

«ማላኪ የሚባሉት ሰውዬ ስለ ፖስታዎቹ ሲያወሩ ሰማሁ። እንደ ቀልድ ነው የሚያወሩት።» ኡልታን ዓይኗን አየ። «መኪና ትነጂያለሽ ደርቭላ። ቀኑን ሙሉ።»

የዛሬ አሥራ አምስት ቀን ትምህርት ቤቱ በር ላይ የሆነውን ለማንም አልተናገረችም። ቀይ ቆብ ያደረገች ሕፃን ከሁለት መኪና መሐል ብቅ አለች። ደርቭላ አይታታለች፤ ፍሬን ያዝ ብላ ለእግሯ ነግራዋለች። እግሯ ግን ዘገየ። የፖስታ ቫኑ ሲቆም ከሕፃኗ ቦርሳ እስከ መኪናው አፍንጫ አንድ ክንድ አይሞላም ነበር። ልጅቷ እጇን አውለብልባላት ሄደች።

«አንድ ነገር ብቻ ንገረኝ» አለች። «የሚልክልኝ፣ በዚህ በመጨረሻው ዓመት… እየከበደ ነበር ወይስ እየቀለለ?»

ኡልታን በሩን ገፍቶ ዘጋው።

«ካቻምና ክረምት ላይ ደቂቃሽ መርዘም ጀመረ። ከዚያ ወዲህ ያቀልልሽ ነበር። መጀመሪያ ትንሽ፣ በኋላ ብዙ። እንዳታስተውዪ ብሎ። እጁ አልታዘዝ ሲለው ራሱ እየነገረኝ እኔ ነኝ የሠራሁለት።» አፉን በመዳፉ አበሰ። «ይሄ ምርመራ አይደለም። ደም ነው የሚናገረው። ምናልባት ድካም ብቻ…»

«እኔ ደግሞ ጎበዝኩ ብዬ» አለች ደርቭላ። ልትስቅ ፈልጋ ነበር፤ የወጣው ግን ሳቅ አልሆነም።

ሊመሽ ሲል፣ ሰዉ ለጸሎት ተንበርክኮ ሲነሣ፣ ደርቭላ አክስት አትራክታ አጠገብ ሄዳ ተቀመጠች። ሰባ ስድስት ዓመታቸው ነው። እናታቸውን በዚህ በሽታ ቀበሩ፣ ወንድማቸውን ጃርላትን ቀበሩ፣ አሁን የወንድማቸውን ልጅ ሊቀብሩ ነው። እሳቸውን አልነካቸውም። ባል አላገቡም፤ ልጅም የላቸውም።

«መቼ ነው ያዩት?» አለቻቸው፣ ቀስ ብላ።

«ምኑን?»

«አክስቴ።»

አሮጊቷ መቁጠሪያቸውን ጭናቸው ላይ ሰበሰቡ። «በፋሲካ። ድንች ስትልጪ እጅሽን አየሁት።»

ስምንት ወር ሆነው። ደርቭላ ወንበሯን ወደሳቸው ጠጋ አደረገች። «ታዲያ ለምን ዝም አሉኝ?»

«ለእናቴ ተናግሬያለሁ፣ ልጅ ሆኜ። ለጃርላትም ተናግሬያለሁ። ለሁለቱም ዕድሜ አልጨመረላቸውም። ከዚያች ቀን በኋላ ግን ሁለቱም ዓይኔን አላዩኝም።» ቀና ብለው አዩዋት። «አንቺ እንድታዪኝ ፈለግሁ። ሌላ ማን አለኝ?»

ደርቭላ ከዓይናቸው ላይ ዓይኗን አላነሣችም። ከበድ ብሏት ነበር፤ ግን አላነሣችም።

ከማዶ ሳይቭ ከፊንታን ሣጥን ራስጌ ተቀምጣ፣ የጎረቤት ልጆችን ስልኳ ላይ አህያዋን ታጫውታለች። አሥራ ሰባት ዓመቷ ነው። አንደኛው ልጅ አህያዋን ረግረግ ውስጥ ከቷት ሲንጫጩ፣ «ሽሽ! አጎቴ ይሰማችኋል» አለቻቸው። ከዚያ ራሷ በተናገረችው ደንግጣ አፏን ያዘች። ቀና ስትል የእናቷን ፊት አየች። ብድግ ብላ መጣች።

«እማ፣ ኡልታን ምን አለሽ? ከማገዶ ቤት ስትወጪ ፊትሽ ልክ አልነበረም።»

«ከቀብር በኋላ እነግርሻለሁ።»

«ስለ አጎቴ ነው?»

«ስለ አጎትሽም ነው።»

ሳይቭ «ም» የምትለዋን ሰማች። የእናቷን ስኒ ከጠረጴዛው ጫፍ ወደ መሐል ገፋ አደረገችው።

በሦስተኛው ጠዋት ዝናቡ አባራ። ቄሱ ጸለዩ። ዘመድ አንድ በአንድ እየገባ የሟቹን ግንባር ሳመ። ደርቭላ ተራዋ ሲደርስ ጎንበስ ብላ ቆየች፤ ብዙ ቆየች። ግንባሩ የመስኮት ድንጋይ ያህል ቀዝቅዟል። በጆሮው «አፈረስከው እኮ፣ መሐላህን» አለችው። «እግዜር ይስጥህ።» ማፍረሱ ይሁን መጠበቁ፣ ምኑን እንደምታመሰግነው ራሷም አላወቀችም።

ክዳኑ ሲገጠም በሩ ጋ የቆመውን ኡልታንን ክንዱን ያዘችው።

«ጠየቅሁህ» አለችው።

ኡልታን ራሱን ነቀነቀ። «ሰኞ ይዤልሽ እመጣለሁ።»

ሣጥኑን ወንዶቹ በትከሻቸው እስከ መንገዱ አደረሱት። አስከሬን የሚወስደው መኪና በዝግታ ተነሣ፤ የሰዉ መኪና ሁሉ ከኋላው ለመሰለፍ ሞተሩን አስነሣ። መጀመሪያው ቦታ የቤተሰቡ ነው። አክስት አትራክታ ከኋላ ገብተው ተቀመጡ። ሳይቭ እንደ ልማዷ ወደ እናቷ ጎን ወንበር ስትሄድ፣ ደርቭላን እዚያው በር ላይ ቆማ አገኘቻት። የመኪናውን ቁልፍ ዘርግታላታለች።

«እኔ?» አለች ሳይቭ። የመለማመጃ ፈቃድ ካወጣች ገና ሦስት ወሯ ነው። «እማ፣ ያገሩ ሰው ሁሉ ከኋላችን አለ።»

«ቀስ ብለሽ ነው የምትነጂው። ዛሬ ሁሉም ቀስ ነው።»

ልጅቷ ቁልፉን አየች፤ ከዚያ ቁልፉን የያዘውን እጅ አየች። ረዥም ጊዜ አየችው። ተቀበለቻት፤ ዞራ መሪው ጋ ገባች፤ ወንበሩን ወደ ፊት ሳበች።

ደርቭላ ጎኗ ተቀምጣ ቀበቶዋን ጎተተች። ብረቱ ማሰሪያውን ሳተው። እንደገና ሞከረች፤ ደግሞ ሳተው። ከፊታቸው አስከሬኑን የያዘው መኪና የመንገዱን መታጠፊያ ይዞ ነበር፤ ከኋላቸው የተሰለፈው ሁሉ ይጠብቃል። ጥሩምባ የነፋ አንድም የለም። ሳይቭ እጇን ከመሪው ላይ አንሥታ የእናቷን ጣቶች በጣቶቿ ሸፈነች፤ ብረቱን አብራ ይዛ ቀጭ እስኪል ገፋችው፤ እጇንም ወዲያው አላነሣችም።