ሦስት መቶ ሙከራ በአንድ ጣት

መሐንዲሱ በግምት የሠራው ነገር የለም፤ ሻዩ ውስጥ የሚጨምረውን ስኳር እንኳ ይለካል። ለታላቅ እህቱ የሠራውን የመድረክ መብራት የንክኪ ሰሌዳም ሦስት መቶ ጊዜ ሞክሮ አንድ በአንድ መዝግቧል፤ ሦስት መቶውም ሰምሯል። መስታወቱ ላይ ቀዩን ሲነኩት መድረኩ ይቀላል፣ ሰማያዊውን ሲነኩት ሰማያዊ ይሆናል።

እህቱ የቴአትር ቤቱን የመድረክ መብራት መቆጣጠር ከጀመረች ሃያ ዓመት ሆኗታል። የድሮውን መቆጣጠሪያ ከባድ የብረት እጀታዎች ስትስብ ኖራ ትከሻዋ አልታዘዝ ብሏታል። አዘጋጁም ቁርጡን ነግሯቸዋል፤ ሰሌዳው ካልሠራ እጀታዎቹ ይመለሳሉ፣ በእሷም ቦታ ጉልበት ያለው ሰው ይቀጠራል።

ልምምዱ ሊጀመር ሲል እህቱ ቀዩን ነካች። ዝም። ደግማ ነካች። ዝም።

"ጠበቅ አድርጊው እንጂ፣ እትዬ።"

"ከዚህ በላይማ ጣቴ በወዲያ በኩል ይወጣል! ለመሆኑ በማን ነው የሞከርከው?"

"በራሴ። በቀኝ ጠቋሚ ጣቴ።"

"ሦስት መቶውንም?"

"ሦስት መቶውንም።"

"አይ የኔ ሊቅ! ሰው ሁሉ ያንተን ጣት ይዞ የሚወለድ መስሎህ ነው?"

የእሷ ጣቶች በብረት ሲፋተጉ ኖረው ደርቀዋል፣ ደንድነዋል፤ ሰሌዳው ከጣት አልቆጠራቸውም። መጋረጃው ተከፈተ። ምን ይደረግ? ወንበሯ ላይ አስቀመጠችውና እሷ ስታዝ እሱ ይነካ ጀመር።

"ሰማያዊ... ቀስ! ቢጫ ጨምር... ተው፣ ይበቃል!"

ያን ሁሉ ዘመን ተምሮ ማብሪያ ማጥፊያ ሆኖ አረፈው። ቢሆንም ሁሉም ሰመረ፤ በቴአትሩ ውስጥ ያለችው እናት ልጇን እስክትቀብር ድረስ። መሐንዲሱ ልምምድ መሆኑን ረስቶ እንባው ዱብ ዱብ አለ። በጠቋሚ ጣቱ ጠረገና በዚያው ጣት ሐምራዊውን ነካ። በእርጥብ ጣት ደግሞ አልሞከረም ነበር። ለቀስተኞቹ አረንጓዴ ሆኑ፣ ብርቱካናማ ሆኑ፤ ከዚያ መብራቱ እንደ ጭፈራ ቤት ይዘል ጀመር።

"ምን ሆነሃል?"

"አለቀስኩ።"

"እኔ ሃያ ዓመት እዚህ ስቀመጥ አንድ ቀን አልቅሼ አላውቅም!"

አዘጋጁ እየተንደረደረ መጣ። "የማን ጥፋት ነው?"

"የኔ ነው፣ ጋሼ" አለ መሐንዲሱ። "እሷ አንድም ቀለም አልሳተችም። ሰሌዳው የሚያውቀው የኔን ጣት ብቻ ነው፤ ያውም ካላለቀስኩ።"

አዘጋጁ ሳቁን ሊውጥ ሞክሮ አቃተው። "ነገ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ አየዋለሁ። የምትነካው እሷ ናት፤ አንተ እጅህን ኪስህ ትከታለህ።"

መሐንዲሱ ደብተሩን አውጥቶ አዲስ ገጽ ገለጠ። "እትዬ፣ ጣትሽን እስቲ።"

"የትኛውን?"

"አሥሩንም።"

የሰሌዳውን የንክኪ ልክ አሥራ አንድ ጊዜ ለዋወጠ። በአሥራ ሁለተኛው እህቱ በትንሿ ጣቷ ነካ ስታደርገው መድረኩ ከዳር እስከ ዳር ቀላ። ደግማ ነካችው፤ ጠፋ። መሐንዲሱ ሊመዘግብ እስክሪብቶውን አነሳ።

"ኋላ ትጽፋለህ" አለችው። "አሁን ከወንበሬ ተነስ።"