አንድ ዙር ለነፍስ

ቧንቧ ሠራተኛው በሠላሳ ዓመት ሥራው አንዲት ጠብታ አፍስሶ አያውቅም። ይህን የሚሉት ደንበኞቹ ሳይሆኑ እሱ ራሱ ነው፤ ቢሆንም እሱ ሲናገር የአርባ ደንበኛ ያህል ስለሚጮህ ሌላ ምስክር አላስፈለገውም። የሙያው ምስጢር አንድ ነው። ማንኛውንም ክዳን አጥብቆ ከጨረሰ በኋላ መፍቻውን እንደገና ያነሣና «ይቺ ደግሞ ለነፍስ!» ብሎ አንድ ዙር ይጨምራል። ከዚህ የተነሣ ሰፈርተኛው እናቱ ያወጣችለትን ስም ረስቶ «አንድ ዙር» ይለው ነበር።

ሰውን ወደ ማርስ መላክ የሚከብደው በሮኬቱ ምክንያት ነው የሚል ካለ አንድ ዙርን አልጠየቀም ማለት ነው። «ሮኬት ምንድን ነው? እሳት! እሳት ማን ያቅተዋል? ችግሩ እዚያ የሚጠጣው ነው!» ይላል። እውነቱን ነው። ለማርስ ጉዞ የሚዘጋጁት ሰዎች ከከተማው ዳር በአንድ ግዙፍ መጋዘን ውስጥ የብረት ቤት ሠርተው፣ ስድስት ሰው ዓመት ሙሉ ተዘግቶ መኖር ይችል እንደሆነ ሲሞክሩ፣ ከሁሉ የበለጠ ያስጨነቃቸው ውሃ ነበር። ላቡም፣ ትንፋሹም፣ ማዕድ ላይ ስሙ የማይነሣውም ነገር ሁሉ ተጣርቶ ተመልሶ ይጠጣል። የዚህን ማጣሪያ ቧንቧ የዘረጋው አንድ ዙር ነው። መመሪያው የማጣሪያውን ክዳን «በእጅ ብቻ ያጥብቁ» ይላል። አንድ ዙርም ፊደል እንዳልዘለለ ፈርሟል።

ጉዱ ምን መሰላችሁ? ለሙከራው ከተመረጡት ስድስት ሰዎች፣ ከአብራሪ እስከ ሐኪም፣ አንዷ የገዛ ሚስቱ ሆነች። በመብራት ብቻ፣ በቆርቆሮ ሳጥን ውስጥ፣ የሕፃን ራስ የሚያህል ድንች የምታበቅል የአትክልት ባለሙያ ናት። የቤቱ ሕግ ሁለት ነው። አንደኛ፣ በሩ አንዴ ከተከፈተ ዓመቱ ፈረሰ፤ ልፋቷ ሁሉ ውሃ በላው። ሁለተኛ፣ ከማርስ ድምፅ ለመድረስ ሃያ ደቂቃ ይፈጃል ተብሎ ስለታሰበ፣ ሚስቲቱ ከመቆጣጠሪያው ክፍል ሠላሳ እርምጃ ርቃ ተቀምጣ ሳለ ማሽኑ እያንዳንዱን ቃል ሃያ ደቂቃ ይዞ ያቆየዋል።

አንድ ዙርን የገደለው ይሄኛው ነው። የሃያ ሁለት ዓመት ትዳሩ የቆመው በቃል ምልልስ ነው። እሱ አንድ ሲል እሷ ሁለት፣ እሱ ሦስት ሲል እሷ ዐሥራ ሰባት። አሁን ግን ጠዋት የወረወራት ነገር መልሷ ሲመጣ፣ ምን ብሎ እንደነበር እንኳ ይጠፋዋል።

በሦስት መቶ አርባ አንደኛው ቀን፣ ምሳ ሰዓት አልፎ፣ አንድ ዙርና አማቱ ሳምንታዊውን የቤተሰብ ሰላምታ ለማስቀዳት ወደ መቆጣጠሪያው ክፍል መጥተው ከሙከራው ዋና መሐንዲስ አጠገብ ተቀምጠዋል።

«ድሮ ‹ላም አለኝ በሰማይ› ሲባል እንስቅ ነበር» አሉ አማቱ ነጠላቸውን እያስተካከሉ። «ይኸው የእኔ ልጅ ድንች ልትተክል ነው።»

ሳቁ ሳያልቅ ማስጠንቀቂያው ጮኸ። ማጣሪያው ተደፍኗል፤ ለመቀየር ደግሞ ክዳኑ አልፈታም ብሏል። የታንከሩ ውሃ እየወረደ ነው፤ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ቀዩን መስመር ይነካል። ያን ጊዜ ዋና መሐንዲሷ በአንገቷ ባንጠለጠለችው ቁልፍ በሩን መክፈት ግዴታዋ ነው።

አንድ ዙር ማይክሮፎኑን ነጠቀ። «እኔ የገጠምኩት ክዳን አልፈታም አይልም! ወደ ግራ አዙሪው! ሰማሽኝ?» አለና አፉን ከፍቶ መልስ ጠበቀ። ሰባት ሰዓት ከሩብ ነበር።

መልሱ የመጣው ለስምንት ሦስት ደቂቃ ሲቀረው ነው። «ሰምቼሃለሁ። ስድስታችንም ተራ በተራ ወደ ግራ አዙረነዋል። አንተ ሰውዬ፣ እውነቱን ንገረኝ፤ ያቺን የነፍስ ዙር ጨምረሃል?»

መሐንዲሷ መነጽሯን አወለቀች። «በእጅ ብቻ ብለው አልፈረሙም?»

«ጉድና ጅራት ከወደ ኋላ ነው» አሉ አማቱ።

አንድ ዙርን ላብ አጠመቀው። አልጨመርኩም ቢል፣ እነዚያ ቆሻሻ የያዘው መስሏቸው በመፍቻ ሊታገሉት ነው፤ ክዳኑ ይሰነጠቃል፣ በሩም ይከፈታል። ጨምሬያለሁ ቢል ደግሞ የሠላሳ ዓመት ጉራው በሰው ፊት ሊወድቅ ነው። ጊዜም የለም፤ የአሁኑ መልእክት ደርሶ፣ ሠርተው፣ ‹ተፈታ› የሚለው ቃል ከዘጠኝ በፊት እንዲመለስ፣ ለጥያቄና ለመልስ የሚተርፍ ደቂቃ አልነበረም። የሚስቱን ድርሻ ሁሉ እሱው መናገር አለበት።

ማይክሮፎኑን በሁለት እጁ ያዘ።

«ጨምሬያለሁ። አንድም አይደለም፣ ሁለት። አንዱ ለነፍስ፣ አንዱ አንቺ እንደምትገቢ ስለማውቅ ላንቺ። አሁን ‹እኔ ምን አልኩህ!› ትያለሽ። በይ። ጨረስሽ? ፎጣ በፈላ ውሃ ንከሪና ክዳኑን ጠቅልይው። ‹ውሃ እያለቀ ውሃ ላባክን?› ትያለሽ። አንዲት ኩባያ ናት፤ ጨምቀሽ ለድንችሽ ስጪው።»

«እሱን አትልም» አሉ አማቱ። «‹በማን ፎጣ?› ነው የምትለው። እኔ ነኝ የወለድኳት።»

«በራስሽ ፎጣ! አሁን ቀበቶ ያስፈልግሻል። የአብራሪውን ፍቺ። ‹ሱሪዬስ?› ይላል። ይያዘው፤ ሁለት እጅ የተሰጠው ለምንድን ነው? ቀበቶውን ክዳኑ ላይ ሁለት ጊዜ ጠምጥሚ። ቀጥሎ የምነግርሽን ስትሰሚ ትጮኺያለሽ። መጀመሪያ ወደ ቀኝ፣ ወደ ማጥበቂያው፣ ጥፍር ታህል ሳቢው። ‹ያጠበከው አልበቃ ብሎ?› ጩኺ፣ ጆሮዬን ይዣለሁ። የተጣበቀው ጎማ የሚላቀቀው እንደዚያ ነው። ከዚያ ወደ ግራ፣ በቀስታ። በቀስታ ስልሽ እንደምትቸኩይ ስለማውቅ፣ ቸኩይ! በቃ።»

ስምንት ከዐሥር ላይ መልእክቱ ሄደ። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው፤ ያውም እንዲህ ያለ ሃያ ደቂቃ የሚፈጅ አፋፍ። ከዚያ በኋላ የግድግዳው ሰዓት ላይ የሰው ዓይን እንዲህ ተተክሎ አያውቅም። ስምንት ተኩል ሆነ። ሩብ ጉዳይ ሆነ። ለዘጠኝ አምስት ሲቀረው መሐንዲሷ ቁልፉን ከአንገቷ አውልቃ ተነሣች። ለዘጠኝ ሦስት ሲቀረው በሩ አጠገብ ደረሰች።

ድምፅ ማጉያው ተንኮሻኮሸ። የመጣው ቃል አልነበረም፤ ሳቅ ነው። ስድስት ሰው፣ መጋዘኑን የሚያነቃንቅ ሳቅ!

«ሱሪዬን መልሱልኝ!» ይላል አብራሪው ከወዲያ።

«ተፈታ!» አለች ሚስቲቱ ትንፋሽ እያጠራት። «ማጣሪያው ተቀይሯል፤ ውሃው ወደ ታንከሩ መንጠባጠብ ጀምሯል። አፌን በከፈትኩ ቁጥር እየቀደምክ ትመልሳለህ! ‹በማን ፎጣ› ስል ከማጉያው ‹በራስሽ!› ሲለኝ ወለሉ ላይ ተቀመጥኩ። ግን አንዷን ስተሃል። ‹እኔ ምን አልኩህ› አላልኩም። ሁለተኛው ዙር ለእኔ መሆኑን ስሰማ ዝም ነው ያልኩት። በሃያ ሁለት ዓመት አንዴ ነውና መዝግበው።»

መሐንዲሷ ቁልፉን አንገቷ ላይ መለሰች። አንድ ዙር ማይክሮፎኑን አንሥቶ በእጅጌው ይወለውል ጀመር።

«ተናገር እንጂ!» አሉ አማቱ በክርናቸው እየጎሰሙት። «ሃያ ደቂቃ ይፈጃል እኮ!»

ከሃያ አራት ቀን በኋላ በሩ በቀኑ ተከፈተ። በመመሪያው ላይም አዲስ መስመር ገባ፤ «በእጅ ከጠበቀ በኋላ፣ ለማንም ተብሎ፣ አንድም ዙር አይጨመርም።» አንድ ዙር ያንን ገጽ አስገልብጦ ደረት ኪሱ ውስጥ ይዞ ይዞራል። «ማርስ ላይ የሚጸናው የመጀመሪያ ሕግ የወጣው በእኔ ነው!» ይላል ላገኘው ሁሉ።

ሚስቱን ግን ገና ከበሩ እንደወጣች፣ አቅፏት ሳለ፣ በጆሮዋ ጠይቋት ነበር።

«አዲሱን ማጣሪያ ከተሽ ክዳኑን ስትመልሺው በእጅ ብቻ ነው ያጠበቅሽው?»

«በእጅ ብቻ።»

«ምንም አልጨመርሽም?»

ግራና ቀኟን አየች። መሐንዲሷ ራቅ ብላ ከሰው ጋር ታወራለች።

«ግማሽ» አለችው።