አሥር ዱላና አንድ ካልሲ

ልጄ የጎልፍ ዱላ መግዛት አለብኝ ብላ የነገረችኝ ዕለት መጀመሪያ የጠየቅኋት ዋጋውን አልነበረም።

"ኳሱ ሰው ጭንቅላት ላይ ቢያርፍስ?" አልኳት።

"እማዬ፣ የሚመታው ሰው ወደሌለበት ነው።"

"ሰው የሌለበት ቦታ ደግሞ የት አለ?"

ባለቤቴ ከጋዜጣው ቀና ሳይል፣ "እናትሽ ደመና ሳይኖር ጃንጥላ የምትዘረጋ ሴት ናት። ዝም ብለሽ ቀጥዪ" አላት።

ልጃችን በጎልፍ ሜዳው መግቢያ መስኮት ላይ ቲኬት ትቆርጣለች። ስም አላት፤ ግን አባቷ ገና ተወልዳ ሲያያት "ይቺ ጭራሮ!" ስላለ እስከ ዛሬ ጭራሮ ናት። አንድ ዓመት ተኩል ሙሉ ከሥራ ስትወጣ፣ ከሜዳው መጋዘን በተዋሰቻቸው ያረጁ ዱላዎች ስትለማመድ ቆየች። አሁን ሜዳው ለልጆች ረዳት አሠልጣኝ ይፈልጋል። ዋናው አሠልጣኝ ጠርቷት፣ "ቅዳሜ ዘጠኙን ጉድጓድ ተጫውተሽ አሳዪኝ። የራስሽን ዱላ ይዘሽ ነይ። በትውስት ዱላ የሚያስተምር ሰው አላውቅም" ብሏታል። ይህን የነገረችን ማክሰኞ ነው። ካለፈች ከዚያች መስኮት ትወጣለች፤ ከወደቀች ደግሞ እዚያው ተቀምጣ ሌላ ሰው ሲያስተምር ታያለች። ምን ያህል እንደምትፈልገው አውቃለሁ። ሳህን ስታጥብ እንኳ ኳስ እንደሚመታ ሰው ወገቧ ይዞር ነበር።

ችግሩ ኳሷ ነው። ቀጥ ብሎ ይነሳና መንገድ ላይ ሐሳቡን ቀይሮ ወደ ቀኝ ይታጠፋል። እሷ ጥፋቱን በአሮጌዎቹ ዱላዎች ታሳብባለች። እኔ ግን አሥራ ስምንት ዓመት በሆዴ የያዝኩት ሌላ ጥርጣሬ ነበረኝ።

ጭራሮ የተወለደችው ግራኝ ሆና ነው። በስድስት ዓመቷ ትምህርት ቤት ስትገባ እርሳሱን በግራ እጇ ይዛ አየኋትና ጭንቀት ያዘኝ። መቀስ የሚሠራው ለቀኝ እጅ ነው። ነገ ተነገ ወዲያ ፋብሪካ ብትቀጠር ማሽኑም የሚሠራው ለቀኝ እጅ ነው። ከእርሳስ ተነስቼ እጇን ማሽን እስኪቆርጠው ድረስ ለማሰብ ግማሽ ሰዓት አልፈጀብኝም። ስለዚህ የቤት ሥራ በምትሠራበት ሰዓት የአባቷን ረጅም ቀይ የኳስ ካልሲ በግራ እጇ ላይ እስከ ክርኗ አጥልቄ በክር አሰርኩት። በሦስት ወር ውስጥ በቀኝ እጇ መጻፍ ጀመረች። ለማንም አልተናገርኩም። ባለቤቴ ካልሲውን ሲፈልግ ከርሞ በመጨረሻ በነፋስ አሳበበ።

ሐሙስ ከሰዓት ሁለታችን ወደ ስፖርት ዕቃ መደብር ሄድን። ምድር ቤት ያለ ጠባብ ሱቅ ነው። ግድግዳው ላይ የቴኒስ ራኬቶች ተሰቅለዋል፤ በስተጀርባ ዱላ የሚሞከርበት መረብ ተዘርግቷል። እኔ በትምህርት ቤት ንብረት ክፍል አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሠርቻለሁ። ካርቶን ላይ "ሙሉ" ተብሎ ተጽፎ ሙሉ የሆነ ዕቃ ገጥሞኝ አያውቅም። ስለዚህ ደብተርና እስክሪብቶ ይዤ ነው የገባሁት።

ባለ ሱቁ መላጣና ረጋ ያለ ሰውዬ ነው። "ጀማሪ ናት ወይስ የለመደች?" አለኝ።

"መሃል ላይ ናት" አልኩት።

"ለመሃል ሰው የመምቻው ራስ ሰፋ ያለ፣ ስህተት የሚችል ዱላ ነው የሚሻላት።"

"ስህተት የሚችል ማለት?"

"ልኩን ባትመታው እንኳ ኳሱ ብዙ አይርቅባትም።"

"ለእኔም አንድ አይኖርዎትም?" አልኩት። አልሳቀም። ይህም አሳሰበኝ።

የመጀመሪያው ሙሉ ስብስብ እንደ መስታወት ያብረቀርቃል። ዋጋውን ሲነግረኝ ባንኮኒውን ያዝኩት። ሁለተኛው አሥራ አራት ዱላ አለው፤ እሱን ሰውዬው ራሱ መለሰው። "ገና ለምትሻሻል ልጅ ግማሹ ከቦርሳው አይወጣም። አሥር ይበቃታል" አለ። ለዚህ ሐቀኝነቱ ወንበር ስቤ ተቀመጥኩለት፤ እስከዚያ ድረስ ለመሮጥ ቆሜ ነበር። ሦስተኛው አሥር ዱላ ነው፣ ዋጋውም ይቀመሳል። ጭራሮ ወደ መረቡ ሄዳ መታች። ኳሱ ተነሳ፣ አሰበ፣ ወደ ቀኝ ታጠፈና ራኬቶቹን አንጫጫቸው።

"ይኸው!" አልኩ። "ሰው ቢሆን ኖሮስ?"

ሰውዬው ግን የሚያየው ኳሱን አልነበረም። ከባንኮኒው ላይ አንድ ኳስ አንስቶ፣ "ያዢ!" ብሎ ወረወረላት። ጭራሮ ሳታስብ ቀለበችው። በግራ እጇ ነበር።

"በሩንም በግራ ነው የከፈትሽው" አላት። "ግራኝ ነሽ እንዴ?"

እኔ በዚያች ደቂቃ አንድ የጫማ ካርቶን በጥንቃቄ መመርመር እንዳለብኝ ትዝ አለኝ።

"አይደለሁም… እኔ እንጃ ጋሼ" አለች ልጄ። ዓይኗ ጀርባዬ ላይ እንዳረፈ ተሰማኝ።

ሰውዬው ወደ ጓዳ ገብቶ አቧራ የጠጣ ቦርሳ ጎትቶ መጣ። "ይሄ የግራኝ ነው። አንዱ አዝዞኝ ሳይወስደው ቀረ። ሦስት ዓመት ቆመብኝ። አዲስ ነው፣ ሙሉ ነው፣ ስህተት ይችላል፣ በግማሽ ዋጋ ውሰዱልኝ።"

ከያዝኩት ብር ላይ የአውቶቡስ ሁሉ ይተርፍ ነበር። ግን ልቤ አልረጋም። በግራዋ ጥሩ ከመታች የእኔ ጉድ ይወጣል፤ መጥፎ ከመታች ሥራው ይቀራል። ሁለቱም ክፉ ነው። እኔን ደግሞ ሁልጊዜ የሚቸግረኝ የትኛውን ክፉ ልፍራ የሚለው ነው።

መታች። ጧ! ኳሱ የመረቡ መሃል ላይ ገባ። ደገመች። አሁንም መሃል።

"ይሄ የመጀመሪያሽ አይደለም" አልኳት።

አቀረቀረች። "ሜዳው ባዶ ሲሆን ዱላውን ገልብጬ በጀርባው እመታ ነበር። በጀርባው እንኳ ይሻለኛል።"

"ታዲያ ለምን አልነገርሽኝም?"

"ካልሲው ትዝ እንዳይልሽ ብዬ።"

"የምን ካልሲ?" አልኩ።

"ቀዩ ነዋ፣ እማዬ። እስከ ክርኔ የሚደርሰው። የአባዬ እግር ይሸት ነበር።"

"አጥቤው ነበር!" አልኩ። ማመኔ መሆኑ የገባኝ ከአፌ ከወጣ በኋላ ነው። ባለ ሱቁ ፊቱን ወደ ራኬቶቹ አዙሮ ያስል ጀመር።

"እጅሽን ማሽን ይቆርጠዋል ብዬ ነው" አልኳት።

"የምን ማሽን?"

"እኔ እንጃ። የሆነ ማሽን።"

ጭራሮ ዱላውን ይዛ ሳቀች፤ ሳቀችና ወለሉ ላይ ተቀመጠች። እኔ ደግሞ አለቀስኩ። ከዚያ ተነስታ አቀፈችኝ። "በይ አሁን ቁጠሪያቸው፤ ካልቆጠርሽ እንቅልፍ አይወስድሽም" አለችኝ።

ቆጠርኩ። ዱላው አሥር፣ ትክክል። የዱላ ራስ ማልበሻ ግን ወረቀቱ ሦስት ይላል፤ ያለው ሁለት ነው።

"እናቴ፣ በግማሽ ዋጋ እየሰጠሁዎት!" አለ ሰውዬው።

"ሙሉ ብለው ነው የሸጡልኝ። የጎደለ ዕቃ ተረክቤ አላውቅም።"

በምትኩ ስድስት ኳስ ጨመረልኝ። የሦስተኛውን ዱላ ልብስ እኔ ራሴ ቤት ሄጄ አሟላሁት።

ቅዳሜ ጠዋት ከባለቤቴ ጋር ሜዳው ዳር ከገመዱ ኋላ ቆምን። ፋሻ፣ በረዶና ጃንጥላ ይዤ ነበር። ሰማዩ ጥርት ብሏል። "የሚቀርሽ አምቡላንስ ነው" አለኝ። የአምቡላንሱን ቁጥር መዝግቤ መያዜን አልነገርኩትም።

የመጀመሪያው ኳስ ሜዳው መሃል ያለው ኩሬ ውስጥ ገባ። ዓይኔን ጨፈንኩ። ከሁለት ቀን ልምምድ በኋላ ተአምር አልጠበቅኩም፤ ተአምርም አልመጣም። አንዳንዱ ኳስ እንደ ክር ቀጥ ብሎ ሄደ፣ ሌላው ሣሩን ፍቆ አጠገቧ ቀረ። ዘጠነኛው ጉድጓድ ላይ አሠልጣኙ ውጤቷን የመዘገበበትን ወረቀት አይቶ ቅንድቡን አነሳ። አለቀ፣ ልጄ ወደ መስኮቷ ተመለሰች አልኩ።

ያን ጊዜ የልጆቹ ሰዓት ደረሰና አሠልጣኙ፣ "እስኪ ለዚህች አንድ ምት አሳዪያት" አላት። የፊት ጥርሷ የወለቀ ትንሽ ልጅ ናት። ጭራሮ ፊት ለፊቷ ቆማ በግራዋ ዱላውን አነሳች። ልጅቷ እያየቻት በቀኟ አነሳች። ጭራሮ ወገቧን አዞረች፤ ልጅቷም አዞረች። መስታወት ፊት የቆመች ነበር የምትመስለው። ልጅቷ መታች፤ ኳሷ ቀጥ ብሎ ሄደ። በደስታ ጮኸች።

አሠልጣኙ አገጩን አሻሸ። "እኔ አሥራ አንድ ዓመት ጀርባዬን ሰጥቼ ነው የማሳያቸው። ፊት ለፊት ከሆንኩ ቀኝና ግራው ይምታታባቸዋል" አለ። ወረቀቱን አጥፎ ኪሱ ከተተና፣ "ጨዋታሽ ገና ነው። ሰኞ ነይ፤ ሦስት ወር ሙከራ" አላት።

እኔ ሦስቱ ወር ሲያልቅ ምን ይሆናል ብዬ መጨነቅ ከመጀመሬ በፊት ባለቤቴ ቦርሳው ላይ አጎንብሶ አየሁት። ሦስተኛው ዱላ ራሱ ላይ ረጅም ቀይ ነገር አጥልቋል።

"ቆይ… ይሄ ካልሲ የኔ አይደለም እንዴ?"

እኔ ጃንጥላዬን ዘርግቼ ሰማዩን ማየት ጀመርኩ።

"አሥራ ስምንት ዓመት! ጥንዱ ይገኛል ብዬ እኮ ሌላኛውን እስካሁን አልጣልኩትም!" ብሎ ሊያወልቀው እጁን ዘረጋ።

ጭራሮ በግራ እጇ እጁን ቸብ አደረገችው። "ተው አባዬ" አለችው። "ሥራ ላይ ነው።"